የዙኦዝ ድልድይና የጎን ግድግዳዎቹ ስንጥቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ድልድይ በተነገረ ቁጥር በሰው ሐሳብ የሚመጡት በታላላቅ ወንዞች ላይ የተዘረጉት ረጃጅም ድልድዮች ናቸው። ዳሩ ግን የሕዝብን የዕለት ኑሮ ተሸክመው የሚውሉት ታላላቆቹ ሳይሆኑ ትናንሾቹ ናቸው። ገበያተኛው እህሉን ጭኖ፥ ተማሪው ደብተሩን ይዞ፥ በሽተኛው በቃሬዛ ሆኖ የሚሻገረው በገጠር መንገድ ላይ በምትገኝ፥ ስሟ በካርታ ላይ ባልተጻፈ አንዲት ድልድይ ላይ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ዋጋዋ ይታወቃል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ትረሳለች። አንድ ቀን በግድግዳዋ ላይ ስንጥቅ ሲታይ መንገደኛው ይፈራል፥ ባለሥልጣኑ ይጠይቃል፥ መሐንዲሱም መልስ እንዲሰጥ ይጠራል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ መልስ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በስዊዘርላንድ አገር፥ በግራውቡንደን ግዛት፥ በኤንጋዲን ሸለቆ ውስጥ ዙኦዝ በምትባል መንደር አጠገብ በኢን ወንዝ ላይ የተሠራው የኮንክሪት ቅስት ድልድይ ነው። ድልድዩ የተሠራው በ1901 ሲሆን፥ በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዳር ግንብ እስከ ዳር ግንብ ያለው ርቀት 38.25 ሜትር ነው። በዛሬ መለኪያ ሲታይ ትንሽ የመንደር ድልድይ ነው ሊባል ይቻላል። ሆኖም በድልድይ ሥራ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ከርዝመቱ እጅግ የላቀ ነው። ይህንም ስፍራ ያስገኘለት የተሠራበት ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ካለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ የታየበት ስንጥቅም ጭምር ነው።

የዙኦዝ ድልድይ በተሠራበት ጊዜ በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት፥ ማለት አርማታ፥ ገና የሰውን ሙሉ እምነት ያላገኘ ነገር ነበር። ፈረንሳዊው አትክልተኛ ዦዜፍ ሞኒየ የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በ1867 ሲሆን፥ ፍራንሷ ኤንቢክ የራሱን የግንባታ ስልት ያስመዘገበው በ1892 ነበር። ድልድዩ በተሠራበት በዚያው በ1901 በባዝል ከተማ በግንባታ ላይ የነበረ የአርማታ ሆቴል ተደርምሶ በመላው ስዊዘርላንድ ከፍ ያለ ድንጋጤ ፈጠረ። የአገሪቱ የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች ማኅበር ስለ አርማታ ሥራ የመጀመሪያውን ጊዜያዊ ደንብ ያወጣው ከዚህ በኋላ በ1903 ነው። እንግዲህ የዙኦዝ ድልድይ ሲነደፍ መሐንዲሱ የሚመራበት ደንብ አልነበረም ማለት ነው።

ድልድዩን የነደፈው ሮበርት ማያር ይባላል። በ1872 በበርን ከተማ ተወለደ፤ በዙሪክ ከሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1894 ተመረቀ። በዚያም ያስተማረው ቪልሄልም ሪተር የተባለው ዕውቅ ፕሮፌሰር ነበር። ሪተር ተማሪዎቹን ያስተምር የነበረው ስሌትን ብቻ አልነበረም፤ ኃይል በሕንፃ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በሥዕል እያስነሣ፥ የተሠራውንም ነገር በጭነት እየፈተነ እንዲያዩ ያደርግ ነበር። ማያር ዙኦዝን ሲነድፍ ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም፤ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ፥ በ1899፥ ማያር ለዙሪክ ከተማ አስተዳደር በሚሠራበት ጊዜ በዚል ወንዝ ላይ የሽታውፋኸርን ድልድይ ነድፎ ነበር። ያም የኮንክሪት ቅስት ነው። ነገር ግን የከተማው አርክቴክት ጎኑን በጥርብ ድንጋይ ስላለበሰው የሚያየው ሰው የድንጋይ ድልድይ ይመስለዋል። በዚያ ድልድይ ጭነቱን የሚሸከመው ከታች ያለው ቅስት ብቻ ነው። በቅስቱ ላይ የቆሙት ግድግዳዎች የመንገዱን ወለል ደግፈው ይይዛሉ እንጂ ቅስቱን በሥራው አይረዱትም፤ ክብደታቸውን ግን ይጭኑበታል።

ማያር በዙኦዝ ይህን አሠራር ለወጠው። የቅስቱን ጠፍጣፋ፥ የጎን ግድግዳዎቹንና የመንገዱን ወለል በአንድነት አያይዞ ውስጡ ክፍት የሆነ አንድ ሣጥን አደረጋቸው። በሣጥን ቅርጽ የተሠራ የኮንክሪት ቅስት ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ ለየብቻቸው ቀጫጭን የሆኑት ሦስቱ ክፍሎች ሲተባበሩ ወፍራም ቅስት የሚሸከመውን ያህል ጭነት መሸከም ቻሉ። ቀድሞ ሸክም የነበረው ግድግዳ አሁን ተሸካሚ ሆነ። ኮንክሪቱም ቀነሰ፥ ክብደቱም ቀነሰ፥ ወጪውም እንደዚሁ። በተራራማ አገር ለምትገኝ ትንሽ መንደር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በዚህ ላይ ድልድዩ ሦስት ማጠፊያዎች አሉት፤ ሁለቱ ቅስቱ ከዳር ግንቦቹ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፥ አንዱ በአናቱ ላይ። የማጠፊያን ጥቅም ለማስረዳት የቤት በር ይበቃል። በር ክብደቱን በማጠፊያው ላይ ያሳርፋል፤ ማጠፊያውን ለማጉበጥ ግን አይችልም፥ ዝም ብሎ ይዞራልና። የቅስት ማጠፊያም እንዲሁ ነው፤ ግፊትን ያሳልፋል፥ ጉብጠትን ግን አያሳልፍም። ኮንክሪት በቀን ሙቀት ይለጠጣል፥ በሌሊት ብርድ ይሰበሰባል። የዳር ግንቡም ጥቂት ሊሰምጥ ይችላል። ቅስቱ ማጠፊያ ካለው በአናቱ ከፍ ዝቅ እያለ ይህን ሁሉ ያለ ጭንቀት ይችለዋል።

የግዛቱ ባለሥልጣኖች ይህን አዲስ ነገር እንዲሁ አልተቀበሉትም። የቀድሞውን መምህር ሪተርን አማከሩ። በጊዜው በነበረው የስሌት ዘዴ የሣጥን ቅስትን ጠባይ አሟልቶ ማስላት አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሪተር ሐሳቡን ደግፎ፥ ድልድዩ በተሠራ ጊዜ በእውነተኛ ጭነት እንዲፈተን አደረገ። ድልድዩም ፈተናውን አለፈ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስሌቱ ያልደረሰበትን ነገር ባለሥልጣኖቹ በጅምላ አልከለከሉም፥ በጅምላም አልፈቀዱም፤ የሚያውቅ ሰው ጠየቁ፥ ከዚያም ፈተኑ።

በ1903 ግን ማያር ወደ ዙኦዝ ተጠራ። የድልድዩ የጎን ግድግዳዎች ከዳር ግንቦቹ አጠገብ ተሰንጥቀው ተገኙ። ስንጥቆቹ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ነበሩ። ማያር በዚያን ጊዜ የራሱን ድርጅት ካቋቋመ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ የስሙም መነሻ ይህ አዲስ አሠራር ነበር። በባዝል የደረሰው አደጋም ከሰው ልብ አልወጣም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ለመሐንዲስ የሚቀርቡት መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንዱ ስንጥቁን በሲሚንቶ ልስን ሸፍኖ ነገሩን መርሳት ነው። ሁለተኛው ጥፋቱን በሠራተኛው፥ በአሸዋው ወይም በሲሚንቶው ላይ ማሳበብ ነው። ሦስተኛው አዲሱን አሠራር እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ወፍራሙና ወደ ተለመደው ቅስት መመለስ ነው። ማያር ከእነዚህ አንዱንም አልተከተለም። ድልድዩን መረመረ፤ ስንጥቁ ለደኅንነት የሚያሰጋ ሆኖ አላገኘውም። ነገር ግን «አያሰጋም» ብሎ ብቻ አልሄደም፤ ለምን በዚያ ስፍራ እንደ ተሰነጠቀ ጠየቀ።

የስንጥቁን መነሻ ለመረዳት የኮንክሪትን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኮንክሪት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ እርጥበት ሲያገኝ መሰብሰቡ ይዘገያል። ወደ ወንዙ ቀርቦ የሚገኘው የቅስቱ ክፍል እርጥበት ሳያጣ ሲቆይ፥ ከፍ ብሎ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠው ቀጭን ግድግዳ ቶሎ ይደርቃል። ግድግዳው ማጠር ይፈልጋል፤ ከሥሩ የተያያዘው ቅስት ግን እንዲያጥር አይፈቅድለትም። በዚህ ክርክር መካከል ግድግዳው ይወጠራል። ኮንክሪት ደግሞ መጨመቅን እንጂ መወጠርን አይችልም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ከሁሉ ይልቅ ቁመት ያለው ከዳር ግንቦቹ አጠገብ ነውና፥ ስንጥቁም የታየው በዚያው ስፍራ ነው።

ይህ የስንጥቁ መነሻ ነው። ስንጥቁ ለምን እንደማያሰጋ የሚያስረዳው ግን ከላይ የተነገረው የማጠፊያ ጠባይ ነው። ከባድ ሠረገላ በድልድዩ አንድ ግማሽ ላይ ሲቆም የተጫነው ግማሽ ወደ ታች፥ ያልተጫነው ወደ ላይ ለመጉበጥ ይሞክራል። ጉብጠቱ የሚበረታው ከየዳሩ ሩብ ርቀት ገደማ ነው። በማጠፊያዎቹ ላይ፥ ማለት በዳር ግንቦቹና በአናቱ ላይ፥ ጉብጠት የለም። ስለዚህ ሣጥኑ ጥልቅ መሆን የሚያስፈልገው በሩብ ርቀት ላይ ነው። በዙኦዝ ግን ግድግዳው ከሁሉ ይልቅ ከፍ ያለው ጉብጠት በሌለበት በዳር ግንቦቹ አጠገብ ነበር። እንግዲህ የተሰነጠቀው ክፍል ለቅስቱ ብዙ የማይሠራ ክፍል ነው። ድልድዩ ራሱ በራሱ ላይ ሥራ ፈት የሆነውን ስፍራ በስንጥቅ አመለከተ ማለት ይቻላል።

ማያር ይህን አመላካችነት ወደ ንድፍ ለወጠው። በዚያው በግራውቡንደን ግዛት፥ ታቫናሳ በተባለች መንደር፥ በፎርደር ራይን ወንዝ ላይ ድልድይ ለመሥራት ዕድል አገኘ። ድልድዩ በ1905 ተሠራ፤ ርቀቱ 51 ሜትር ነበር። በዚህ ድልድይ ላይ ማያር በዙኦዝ የተሰነጠቀውን የግድግዳ ክፍል ጨርሶ አልሠራውም። ከየዳር ግንቡ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ አውጥቶ ጣለው። የቀረው ቅስት በማጠፊያዎቹ ዘንድ ቀጭን፥ በሩብ ርቀት ላይ ጥልቅ፥ በአናቱ ላይ እንደገና ቀጭን ሆነ። የድልድዩ መልክ ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ ተከተለ። ብዙዎች ከውበት የመነጨ አድርገው የሚያዩት ይህ ቅርጽ መነሻው የአንዲት መንደር ድልድይ ስንጥቅ ነው።

የታቫናሳ ድልድይ በጊዜው ብዙ አድናቂ አላገኘም። የሰው ዐይን የለመደው ከባዱን የድንጋይ ድልድይ ነበርና ቀጭኑን ነገር ጉድለት አድርጎ ተመለከተው። ማያርም ያን ቅርጽ እንደገና ለመሥራት ሃያ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነበት። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከቤተሰቡ ጋር በሪጋ ነበር፤ ከዚያ ወደ አገሩ መመለስ ሳይችል ቀርቶ በሩስያ ግዛት ቆየ። ባለቤቱን በ1916 በሞት ተነጠቀ፤ ከአብዮቱም በኋላ ያፈራውን ሀብት አጥቶ ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሰ። ይባስ ብሎም በመስከረም ወር 1927 ከተራራ የወረደ ናዳ የታቫናሳን ድልድይ ጠራርጎ ወሰደው። ድልድዩ የጠፋው በንድፉ ጉድለት አልነበረም፤ ተራራ ሲናድ የሚቋቋም ድልድይ የለም። ቢሆንም የሐሳቡ ምስክር የነበረው ሥራ ከዐይን ጠፋ።

ሐሳቡ ግን አልጠፋም። በ1928 ከሺርስ ወደ ሹደርስ በሚወስደው የተራራ መንገድ ላይ የሳልጊናን ገደል ለመሻገር ውድድር ተከፈተ። ከቀረቡት 19 ሐሳቦች መካከል የማያርና የሥራ ተቋራጩ የፕራደር ሐሳብ በዋጋ ዝቅተኛው ሆኖ ተመረጠ። በ1930 ያለቀው የሳልጊናቶበል ድልድይ 90 ሜትር የሚሻገር ባለ ሦስት ማጠፊያ የሣጥን ቅስት ነው፤ ቅርጹም የታቫናሳ ቅርጽ ነው። ሪካርድ ኮራይ የሠራው የእንጨት ርብራብ የተሸከመው ቀጭኑን የቅስት ጠፍጣፋ ብቻ ነበር። ጠፍጣፋው ከጠነከረ በኋላ የጎን ግድግዳዎቹንና ወለሉን ራሱ ተሸከመ፤ በዚህም ለርብራብ የሚወጣው እንጨት ቀነሰ። ማያር በ1940 ዐረፈ። በ1947 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሥራዎቹ ለሕዝብ ታዩ፤ በ1991 ደግሞ የአሜሪካ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የሳልጊናቶበልን ድልድይ ዓለም አቀፍ የምሕንድስና ቅርስ ብሎ ሰየመው። ይህ ሁሉ ክብር የተሰጠው ወደ አንዲት ትንሽ የተራራ መንደር ለሚያደርስ የገጠር መንገድ ድልድይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት እንዳይወሰድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዙኦዝ ስንጥቅ አላሰጋም ማለት ስንጥቅ ሁሉ አያሰጋም ማለት አይደለም። በሩብ ርቀት ላይ የሚታይ ስንጥቅ፥ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ፥ የዳር ግንቡ በመስመጡ ወይም ጎርፍ መሠረቱን በመብላቱ የመጣ ስንጥቅ ሌላ ነገር ይናገራል። የማይጎዳው ስንጥቅም ቢሆን ውኃ ካስገባ ውሎ አድሮ ይጎዳል፤ ውኃው ከብረቱ ደርሶ ያዝገዋል፥ ዝገቱ አብጦ ኮንክሪቱን ያፈናቅለዋል። የሳልጊናቶበል ድልድይ ራሱ በ1997 እና በ1998 ከፍ ያለ ጥገና አስፈልጎታል። የዙኦዝ ድልድይም ታድሶ ነው እስካሁን በስፍራው ያለው። ስንጥቅን ማንበብ ማለት ስንጥቅን መናቅ አይደለም።

በኢትዮጵያ የገጠር መንገዶች ላይ ለተሠሩት ትናንሽ ድልድዮች ይህ ሁሉ ሩቅ ወሬ አይደለም። በደጋው አገር በበጋ ወራት የቀኑና የሌሊቱ የሙቀት ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ ኮንክሪቱም ግንቡም በየቀኑ ይለጠጣል፥ በየሌሊቱ ይሰበሰባል። ወራት የሚዘንበው ክረምት ሲያልፍ ረጅም ደረቅ ጊዜ ይተካል። ይህ ሁሉ ከዙኦዝ ግድግዳዎች ጋር የሚመሳሰል ስንጥቅ የሚወልድ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ መሠረትን የሚቦረቡር ነውና አስጊውም ስንጥቅ በዚያው ድልድይ ላይ ሊታይ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ልስኑን ይዞ የሚመጣው ግንበኛ አይደለም፤ መሐንዲሱ ነው።

ለዚህም የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ስንጥቁ በታየ ቀን የት ቦታ እንደጀመረና የት ላይ እንዳበቃ በቀለም ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ ይቻላል። በስንጥቁ ላይ ጥቂት ጄሶ አሻግሮ መለጠፍና በየጊዜው መመልከትም ይቻላል፤ ጄሶው ከተሰበረ ስንጥቁ ገና በመንቀሳቀስ ላይ ነው። ክረምት ሳይገባና ክረምት ከወጣ በኋላ መሠረቱንና የውኃ መውረጃውን ማየት ከአንድ ቀን የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የድልድዩ ንድፍ ተጠብቆ መቆየት አለበት። የትኛው ክፍል እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ ሳያውቅ ስንጥቅ የሚያነብ ሰው፥ ፊደሉን ሳይቆጥር መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው ማለት ነው።

ሌላው ጉዳይ የሰው ነገር ነው። የዙኦዝ ሰዎች ስንጥቁን ባዩ ጊዜ ድልድዩን የነደፈውን መሐንዲስ ጠሩ፤ መሐንዲሱም መጣ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፥ ነገር ግን ብርቅ ነው። በልማድ መሐንዲስ ድልድዩን አስረክቦ ከሄደ በኋላ ወደ ሥራው የሚመለሰው አደጋ ሲደርስ ወይም ክስ ሲነሣ ብቻ ነው። ስለዚህ ስንጥቅ ሲታይ የመጀመሪያው ሐሳብ መደበቅ ይሆናል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረትም በሥራው ላይ ይደርሳል። ስንጥቅ ወዲያው እንደ ወንጀል የሚቆጠር ከሆነ ማንም አይናገረውም። ያልተነገረ ስንጥቅ ደግሞ ለቆመው ድልድይም፥ ወደፊት ለሚሠራውም ጥቅም ሳይሰጥ ይቀራል። ማኅበሩን የመሰለ የሙያ ጉባኤ ከሚያከናውናቸው ተግባሮች አንዱ መሐንዲስ ስለ ሥራው ስንጥቅ ያለ ፍርሃት የሚናገርበትን፥ ባልደረቦቹም ያለ ፍርድ የሚሰሙበትን መድረክ ማዘጋጀት ነው።

በ1901 በዙኦዝ የተሠራው ድልድይ ጉድለት ነበረበት። ጉድለቱ ግን ታየ፥ ተነገረ፥ ተመረመረ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በታቫናሳ ለተሠራው የተሻለ ድልድይ ምክንያት ሆነ፤ ከሃያ አምስት ዓመት ተጨማሪ ጊዜ በኋላም በሳልጊና ገደል ላይ ፍሬውን ሰጠ። ዛሬ በአንድ የገጠር መንገድ ላይ በተሰነጠቀ ግድግዳ ፊት የሚቆም ወጣት መሐንዲስም ሁለት ኃላፊነት አለበት። የመጀመሪያው ገበያተኛው በነገው ዕለት በደኅና ይሻገር እንደሆነ መወሰን ነው። ሁለተኛው ያየውን በጽሑፍ አስፍሮ ቀጣዩን ድልድይ ለሚነድፈው ባልደረባው ማድረስ ነው።